ስልኩና ኢንተርኔቱ በአንድ ጥንድ ሽቦ፦ ከጎንደር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በመደበኛ ስልክ መስመር ኢንተርኔት አስገብታችሁ «ይቆራረጣል፣ ይንጫጫል፣ ይዘገያል» የምትሉ የጎንደር ሰዎች የላካችሁት ጥያቄ እንደ አመጣጡ ተመልሷል። ወሬው በዋናነት በመዳብ ሽቦ ስለሚመጣው ኢንተርኔት፣ ማለትም ኤዲኤስኤል ስለሚባለው ነው። ፋይበር ለገባላችሁም ወደ ታች አንድ ጥያቄ አለላችሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ስልኩና ኢንተርኔቱ በተፈጥሯቸው አይጣሉም። ሲጣሉ ካያችሁ አስታራቂው ጎድሏል፣ ወይም ያለ ቦታው ተቀምጧል። አስታራቂው ስፕሊተር የምንለው፣ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለይ ትንሽ ሳጥን ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከማራኪ)፦ በአንድ ቀጭን ሽቦ አባቴ ስልክ እያወራ እኔ ቪዲዮ የማየው እንዴት ነው? ታላቅ ወንድሜ ድሮ ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ ይያዝ ነበር ይላል።

መልስ፦ ወንድምህ እውነቱን ነው። ያኔ የነበረው ዳያል አፕ ሞደም እንደ ሰው ቁጥር ደውሎ፣ መረጃውን ወደ ጩኸት ቀይሮ በድምፁ መንገድ ነበር የሚልከው። መንገዱ አንድ ስለሆነ ወይ ሰው ያወራል ወይ ሞደሙ ይጮኻል። እንደዚያም ሆኖ ቢበዛ 56 ኪሎ ቢት በሰከንድ ነበር።

የአሁኑ ሌላ ነው። ስልክ ከመዳቡ አቅም የሚጠቀመው ዳሩን ብቻ ነው፤ የሰው ድምፅ በስልክ ሲሄድ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ያለውን ብቻ ይይዛል። ከ4 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለው ጦም ያደረ መሬት ነበር። ኤዲኤስኤል ገብቶ ያረሰው እሱን ነው። አንተ የምትልከው ከ26 እስከ 138 ኪሎ ኸርዝ ባለው ይወጣል፤ የምታወርደው ከ138 እስከ 1,104 ባለው ይገባል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የሚባለው የማውረጃውን ወሰን እስከ 2,208 ኪሎ ኸርዝ ገፍቶታል። በ4 እና በ26 መካከል ያለው ማንም የማይረግጠው ድንበር ነው። ማውረጃው ከመላኪያው ይህን ያህል የሚሰፋውም ሰው ከሚልከው ይልቅ የሚያወርደው ስለሚበዛ ሆን ተብሎ ነው።

ጠጋ ብለህ ስታየው ደግሞ ራውተሩ ውስጥ ያለው ሞደም ይህን ሜዳ እያንዳንዱ 4.3125 ኪሎ ኸርዝ ወደሆነ ትልም ይተልመዋል። ተራው ኤዲኤስኤል 256 ትልም አለው፣ 2 ፕላሱ 512። በእያንዳንዱ ትልም ያለውን ረብሻ ለክቶ ንጹሕ የሆነው ላይ እስከ 15 ቢት ይጭናል፤ የተረበሸው ላይ 2 ወይም 3፤ የባሰበትን ባዶውን ይተወዋል። ራውተሩን ስታበራው «ዲኤስኤል» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም የሚለው ይህን ልኬት ሲያካሂድ ነው። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ልኬቱ ከሀ ይጀምራል። ለአንድ አፍታ የተቋረጠ መስመር ለመመለስ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

በሌላው ጫፍ፣ ስልክ ጣቢያው ወይም መንገድ ዳር ያለው ካቢኔት ውስጥ፣ ያንተኑ ስፕሊተር የሚመስል ማጣሪያ አለ። ድምፁን ወደ ስልክ ማገናኛው፣ ኢንተርኔቱን ዲስላም ወደሚባለው መሣሪያ ይለያቸዋል። ኢንተርኔት መጠቀም የጥሪ ሂሳብ የማይቆጥረውም ስለዚህ ነው፤ የጥሪ ቆጣሪው ጋ አይደርስም።

ጥያቄ (ሱቅ ያላት፣ ከአራዳ)፦ ስልክ በተደወለ ቁጥር ዋይፋዩ ይጠፋል። ካላነሣሁት ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ካነሣሁት ወሬው እስኪያልቅ የለም። ስፕሊተር ግን አለኝ!

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ከሁሉም የበዛው ጥያቄ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ስልኩ ተዘግቶ ሲቀመጥ በሽቦው ላይ ወደ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ሲጠራ በዚያ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት ተለዋዋጭ ይጨመርበታል፤ በሰከንድ ከ20 እስከ 25 ጊዜ የሚገላበጥ። ስታነሺው ደግሞ ቮልቱ በአንድ ጊዜ ወደ 6 ወይም 10 ይወርዳል። ሞደሙ የሚያዳምጠው በጣም የደከመ ሲግናል ነው፤ ሹክሹክታ የሚሰማ ሰው ጆሮ ሥር ነጋሪት እንደመምታት ቁጠሪው። ከዚህም የሚከፋው ያልተጣራ ቀፎ ሲነሣ የኢንተርኔቱን ሲግናል ራሱ መዋጡ ነው። ስፕሊተሩ ውስጥ ያሉት ጥቅል ሽቦዎችና ካፓሲተሮች ሥራቸው ወደ ቀፎው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ማሳለፍ ነው።

«ስፕሊተር አለኝ» ብለሻል። እንግዲያው ሦስት ነገር እይ።

መጀመሪያ፣ የያዝሽው ነገር እውነት ስፕሊተር ነው? ገበያ ላይ አንዱን የስልክ ቀዳዳ ለሁለት የሚያደርግ ባዶ ማከፋፈያ አለ፤ ሲያዩት ይመሳሰላል፣ ዋጋው ግን ርካሽ ነው። ውስጡ ሽቦ ከሽቦ ከማገናኘት በቀር ምንም የለበትም። እውነተኛው ሦስት ቀዳዳ አለው፣ በላያቸውም «ላይን»፣ «ፎን» እና «ሞደም» ወይም «ኤዲኤስኤል» ተጽፎባቸዋል። ባዶው ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ምንም አልተጻፈባቸውም፤ በእጅ ሲመዝኑትም ቅልል ይላል።

ሁለተኛ፣ አገባቡ። ከውጭ የመጣው ሽቦ «ላይን» ላይ፣ ቀፎው «ፎን» ላይ፣ ራውተሩ «ሞደም» ላይ። ሰው በጥድፊያ የውጩን ሽቦ «ፎን» ላይ ይሰካዋል። እንደዚያ ከሆነ ስልኩ እንደ ወትሮው ይሠራል፣ የዲኤስኤል መብራት ግን ከናካቴው አይበራም፤ ኢንተርኔቱ በማጣሪያው ውስጥ እንዲያልፍ ተገድዷልና። ያንቺ እየበራ የሚጠፋ ስለሆነ ጥፋቱ ይህ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ላይ ነው ጥርጣሬዬ፦ ከስፕሊተሩ በፊት የተቀጠለ ሌላ ቀፎ። ከሱቁ ጀርባ፣ መኝታ ቤት፣ ፎቅ ላይ፣ ድሮ ተስቦ የተረሳ። እንዲህ ፈትሺ፦ በቤቱ ውስጥ ያለውን ቀፎ ሁሉ ንቀይ፣ ራውተሩ ብቻ ይቅር። ከሞባይልሽ 058 ብለሽ ወደ ቤቱ ቁጥር ደውዪና አምስት ስድስት ጊዜ ይጥራ። ኢንተርኔቱ ካልጠፋ ሌባው ከነቀልሻቸው አንዱ ነው፤ አንድ በአንድ እየመለስሽ ደውይ። ሁሉም ተነቅሎ እያለ ከጠፋ ግን ጥፋቱ ከቀፎ አይደለም፤ የሆነ ቦታ የዛገ ቅጥል አለ፣ የጥሪው ቮልት ሲመጣበት ይናጋል። ያኔ ነገሩ ወደ ባለሙያው ይሄዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ በእያንዳንዱ ቀፎ ላይ ማይክሮ ፊልተር (ለአንድ ቀፎ የሚሆን ትንሽ ማጣሪያ) መሰካት፤ ከሦስት ወይም ከአራት ካለፈ ግን ማጣሪያዎቹ ራሳቸው መስመሩን ይጫኑትና የስልኩ ድምፅ ይደክማል፣ የደዋይ ቁጥርም ላይታይ ይችላል። ወይ ደግሞ (እኔ የምመርጠው ይህንን ነው) ሽቦው ከውጭ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ አንድ ስፕሊተር አስቀምጦ፣ የቤቱን ቀፎዎች በሙሉ ከ«ፎን» ቀዳዳው ማስነሣት፣ ለራውተሩ ከ«ሞደም» ቀዳዳው የራሱን ንጹሕ ሽቦ መሳብ። አንዴ ነው የሚለፋው።

ጥያቄ (እናት፣ ከቁስቋም፣ ልጃቸው የጻፈላቸው)፦ ኢንተርኔት ካስገቡልኝ ወዲህ ስልኬ ሽሽሽ ይላል። ልጆቼ ከውጭ ሲደውሉ አልሰማቸውም።

መልስ፦ እማማ፣ አንቱ የሰሙት የኢንተርኔቱን ኮቴ ነው። የኢንተርኔቱ ድግግሞሽ ለጆሮ የማይሰማ ከፍ ያለ ነው፤ ያልተጣራ ቀፎ ውስጥ ሲገባ ግን ዕቃዎቹ ያዛቡትና ወደሚሰማ ሽሽታ ይለውጡታል። ልጁ ራውተሩን ከስልክ መስመሩ ለአንድ ደቂቃ ይንቀለውና እርስዎ ስልኩን አንሥተው ያዳምጡ። ሽሽታው ከጠፋ ከቀፎው በፊት ማጣሪያ ይግባ፣ ያበቃል። ራውተሩ ተነቅሎም «ጠርጠር፣ ቀጭ ቀጭ» የሚል ካለ እሱ ሌላ ነው፤ ሽቦው አንድ ቦታ ረጥቧል ወይም ላልቷል።

ጥያቄ (ከሳሙና በር)፦ ስልኩ ድምፅ አልባ ሆኗል፣ ምንም ቱ የለም። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል፣ እጅግ እየተንቀራፈፈ። መስመር ከተቆረጠ ሁለቱም መቆም አልነበረባቸውም?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ። መስመሩ ሁለት ሽቦ ነው፤ አንዱ ተበጥሷል። ስልክ ለመሥራት ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ አለበት፤ አንዱ ከተበጠሰ ዙሩ አይዘጋም፣ ስልኩ ይሞታል። የኢንተርኔቱ ከፍተኛ ድግግሞሽ ግን የተበጠሰውን ክፍተት በከፊል ይዘለዋል፤ ሁለት ሽቦዎች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሲሆኑ እንደ ካፓሲተር ስለሚሠሩ። ስለዚህ አዝግሞ ይሠራል፣ ይቋረጣል፣ ደግሞ ይመለሳል። ስታመለክት «ኢንተርኔት ይዘገያል» አትበል፤ «ስልኩ የመደወያ ድምፅ የለውም» በል። ጥፋቱ ፈጥኖ የሚለየው በዚህ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ የኔና የጎረቤቴ ፓኬጅ አንድ ነው፣ የሱ ይፈጥናል። እኔ ጋ ያለው ችግር ርቀት ነው ይሉኛል። ርቀት እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ አዘዞ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ርቀት ድምፅ ሊደርስ ይችላል፣ ኤዲኤስኤል ግን አይደርስም፤ ስለዚህ ያንተ መስመር የሚነሣው ከፒያሳ ሳይሆን አዘዞው ውስጥ ወይም አቅራቢያው ካለ መሣሪያ ነው። ወሳኙም ከሱ እስከ ቤትህ ያለው የሽቦ ርዝመት ነው። የሽቦውን እንጂ የአየሩን ርቀት አትቁጠር፤ ሽቦው ምሰሶ ለምሰሶ ዞሮ ነው የሚመጣው። ጎረቤትህ ከሌላ ሳጥን ወጥቶለት ከሆነ ግድግዳ ተጋርታችሁም ርቀታችሁ አንድ ላይሆን ይችላል።

ራውተሩ ራሱ ይነግርሃል። ኮምፒውተርህን ከራውተሩ ጋር አገናኝ፣ በብራውዘሩ 192.168.1.1 ብለህ ግባ (አድራሻውና መግቢያው ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር ተለጥፏል)፣ «ዲኤስኤል ስታተስ» የሚለውን ክፈት። ሦስት ቁጥር ጻፍ።

«አቴኑዌሽን» የሚለው ሲግናሉ በመንገድ ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል፣ በዲቢ (ዴሲቤል)። የተለመደው 0.4 ሚሊ ሜትር መዳብ በኪሎ ሜትር ወደ 14 ዲቢ ይበላል። ስለዚህ 28 ካየህ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነህ፣ 42 ካየህ ሦስት። ወፈር ያለው 0.5 ሽቦ የሚበላው ከዚህ ያነሰ ነው። በኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ንጹሕ መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 20 ሜጋ ቢትና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ሁለት ላይ ወደ 15፤ ሦስት ላይ ወደ 8፤ አራት ላይ 3 ወይም 4፤ አምስት ላይ አንድ ወይም ሁለት ካገኘህ ደግ ነው።

«ኤስኤንአር ማርጂን» ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚልቅ ነው። 6 ዲቢ መነሻው ነው። ከ10 በላይ ምቹ፣ ከ6 በታች ሲወርድ መቆራረጥ ይጀምራል። ጠዋትና ማታ እየው፤ ማታ ማታ በጣም የሚወርድ ከሆነ አካባቢው ላይ ሲመሽ የሚበራ ነገር እየረበሸ ነው።

ሦስተኛው «ሲንክ» ወይም «ዳታ ሬት» ነው፤ መስመሩ የተገናኘበት ፍጥነት። አሁን ፍርዱን ስጥ፦ አቴኑዌሽንህ 20 ሆኖ፣ ማርጂንህም ደህና ሆኖ ሲንኩ የፓኬጅህን ያህል ከሆነ መስመርህ ጤነኛ ነው፤ ፍጥነት ከፈለግክ ፓኬጅ ነው የምትጨምረው። አቴኑዌሽን 60 ሆኖ ትልቅ ፓኬጅ መግዛት ግን ገንዘብን ቀሃ ወንዝ መጣል ነው፤ ሽቦው አይሸከመውም።

ጥያቄ (ከዚያው ከአዘዞ)፦ አየሁት። 31 እና 11፣ ሲንክ 4,096። ስፈትሽ ግን 3.4 ነው የሚያሳየው፣ ፋይል ሳወርድ ደግሞ 430!

መልስ፦ ሁሉም ልክ ነው፤ ማንም አልሰረቀህም። በኤዲኤስኤል መረጃው 53 ባይት በሆኑ ትናንሽ ጥቅሎች ይሄዳል፣ ከነሱ ውስጥ ጭነቱ 48ቱ ብቻ ነው፤ የተቀረው የአድራሻ ወጪ። ሌላው ወጪ ሲደመር ከ13 እስከ 15 በመቶ ይሄዳል። 430 ያልከው በኪሎ ባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ በ8 አባዛውና 3.4 ሜጋ ቢትህን ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከአባ ጃሌ)፦ ራውተሩን ሳሎን ለማምጣት 25 ሜትር የስልክ ሽቦ ልቀጥል ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ የስልክ ሽቦውን አታርዝም፤ የኔትወርክ ኬብሉን አርዝም። ጠፍጣፋው የስልክ ገመድ ያልተገመደ ስለሆነ እንደ አንቴና ረብሻ ይሰበስባል፤ ከ2 ወይም 3 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የኔትወርክ ኬብል ግን እስከ 100 ሜትር ፍጥነቱ ሳይጎድል ይሄዳል። የግድ ከሆነብህ የኔትወርክ ኬብሉን አንድ የተገመደ ጥንድ ለስልክ መስመሩ ተጠቀም፤ ጫፉ ላይ ከአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አትፍታው።

ደግሞ የድሮውን ቅጥያ በቦታው አትተወው። ጫፉ ባዶ የሆነ ቅጥያ የኢንተርኔቱን ሲግናል እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሰዋል። 50 ሜትር የሆነ ባዶ ቅጥያ 1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያሉትን ትልሞች ያጠፋል፤ 100 ሜትር ከሆነ 500 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ። ስልኩ ላይ ምንም አይታወቅም፣ ኢንተርኔቱ ግን ይጎዳል። የማይሠራበትን ሽቦ ከመነሻው ቁረጠው።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ሐምሌና ነሐሴ ኢንተርኔቴ ይታመማል፤ መስከረም ሲጠባ ይድናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ውኃ ቅጥል ውስጥ ገብቷል። ፈዋሹ ፀሐይዋ ናት እንጂ ማንም አልጠገነውም፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል፤ ብሶበት። ውኃ ሲገባ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከልም ኤሌክትሪክ ያፈሳል። ስልኩ እየተንጫጫ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ቀድሞ ይወድቃል።

በእጅህ ያለውን አጣራ። ሽቦው ከምሰሶ ወደ ግድግዳ የሚመጣበትን ተከትለህ ሂድ። ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች የረገበ ማንጠባጠቢያ ከሌለው ውኃው ሽቦውን ይዞ በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ስንዝር ያህል አርግበህ ከሥር አስገባው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዘው በናስትሮ የጠቀለሉት ቅጥል ካገኘህ ፍታው፤ የጠቆረውን እስከ ንጹሑ መዳብ ቁረጥና ውስጡ ጄል ባለው፣ በፒንሳ በሚጨመቀው የስልክ ሽቦ ማያያዣ ግጠመው። ናስትሮ ውኃ አይከለክልም፤ ይልቁን የገባውን ይዞ ያቆየዋል። የመብራት ሞርሴቶም ለዚህ አይሆንም፤ ክፍት ስለሆነ ይዝጋል። ሽቦውን ስትነካ ስልኩ ከጠራ የጥሪው ቮልት ያስደነግጣልና እጅህን አደራ።

ቴስተር ካለህ፣ ሁሉንም ነቅለህ ሽቦው ላይ በቀጥተኛ ቮልት ለካ። 48 አካባቢ ካለ ደህና ነው። 30 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ የሚያፈስ ነገር አለ። ከምሰሶው ወዲያ ያለው ግን ያንተ አይደለም፤ አትውጣበት።

ጥያቄ (ከአውቶ ፓርኮ)፦ መብራት ሲጠፋ የቤት ስልኩ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ አይሠራም። ሽቦው አንድ አይደል?

መልስ፦ ሽቦው አንድ ነው፣ ጉልበቱ ግን ሁለት። ገመድ ያለው ቀፎ የሚመገበው ከጣቢያው ባትሪ በዚያው ሽቦ ነው። ራውተሩ ግን ከቤትህ ፕሬዛ ነው የሚበላው። ገመድ አልባው ቀፎም እንደዚሁ ይሞታልና አንድ ተራ ቀፎ አስቀምጥ።

ራውተር ብዙ አይበላም፦ አስማሚው ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር ቢጻፍም ሲሠራ ከ6 እስከ 10 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት 84 ዋት ሰዓት አለው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብትጠቀም ለ7 ዋት ራውተር ስድስት ሰዓት ይሆናል። ባትሪውን በቀጥታ ከመሰካት ቮልቱን 12 ላይ የሚያቆም ለራውተር የተሠራ ትንሽ ዩፒኤስ ይሻላል፤ በሚሞላበት ጊዜ ባትሪው ከ13 በላይ ይወጣልና። ስፒናውን ስትገዛ ውስጡ ፖዘቲቭ መሆኑን አረጋግጥ። ካቢኔቱ ያለበት ሰፈር ለረጅም ሰዓት መብራት አጥቶ ባትሪው ካለቀ ግን አንተ ምን ብታደርግ ስልኩም ኢንተርኔቱም ይቆማል።

ጥያቄ (ከቀበሌ 18)፦ መብረቅ ሁለት ራውተር በላብኝ። ዲቫይደሩ እኮ መከላከያ አለው።

መልስ፦ መከላከያው የመብራቱን በር ነው የዘጋው። መብረቁ የገባው በስልኩ በር ነው። አየር ላይ የተዘረጋ የስልክ ሽቦ አጠገቡ ለወደቀ መብረቅ ሁሉ ተቀባይ ነው፤ የግድ ሽቦው ላይ መውደቅ የለበትም። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁለቱንም ንቀል፣ የመብራቱንም የስልኩንም፤ የስልኩን ስትነቅል ከስፕሊተሩ በፊት ይሁን። ከቤት ስትወጣ ክረምት ላይ ልማድ አድርገው። ለስልክ መስመር የሚሆን መከላከያ መግጠም ጥሩ ነው፣ ግን የመሬት ሽቦ ከሌለው ጌጥ ነው። በመብረቅ ጊዜ ገመድ ባለው ቀፎ ማውራትም ይቅር።

ጥያቄ (ፋርማሲ፣ ፒያሳ)፦ ፋክስና የሌባ ማንቂያ በዚሁ መስመር አሉን።

መልስ፦ ፋክሱ እንደ ቀፎ ነው፤ ማጣሪያ ይግባለት። ማንቂያው ይለያል፤ ሲነሣ ሌሎቹን ቆርጦ መስመሩን ለብቻው እንዲይዝ ተደርጎ ከሁሉ በፊት ነው የሚገጠመው። ስለዚህ ስፕሊተሩ ከማንቂያውም በፊት፣ ማንቂያው በ«ፎን» በኩል ይሁን። አለዚያ ማንቂያው በጮኸ ቁጥር ኢንተርኔታችሁ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በአንድ መስመር ሁለት ራውተር፣ አንዱ ለኔ አንዱ ለተከራይ?

መልስ፦ አይሆንም። በጣቢያው በኩል ያለው መሣሪያ የሚነጋገረው ከአንድ ሞደም ጋር ነው፤ ሁለት ብትሰካ ሁለቱም አይገናኙም። ሁለተኛውን በኔትወርክ ኬብል ከመጀመሪያው ጀርባ አስቀምጥ።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ የጣሊያን ጊዜ ቤት)፦ ራውተሩ አጠገብ ጥሩ ነው፤ ጓዳ ስገባ የለም።

መልስ፦ ይህ የስልክ መስመር ጉዳይ አይደለም፤ ግድግዳህ ወፍራም ነው። ራውተሩን ከመሬት አንሥተህ በበር ትይዩ አስቀምጠው፤ 2.4 ጊጋ ኸርዙ ከ5ቱ ይሻላል ለግድግዳ። ካልሆነ ኬብል ሳብ።

ጥያቄ (ከአዲስ ዓለም)፦ ወደ ፋይበር ሊቀይሩን ነው። ስፕሊተሩና የቤት ስልኩስ?

መልስ፦ ስፕሊተሩ ሥራ ፈታ። በፋይበር ድምፁም ኢንተርኔቱም መረጃ ሆነው በብርሃን ይመጣሉ፤ መከፋፈሉ ግን እዚያም አለ፣ በቀለም ሆኖ፦ የሚመጣው በ1,490 ናኖ ሜትር፣ የሚሄደው በ1,310፣ በዚያችው በአንዲት ፀጉር በምታክል መስታወት። ቀፎህን የምትሰካው ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ላይ ካለው የስልክ ቀዳዳ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ከዚያ ቀዳዳ የቤቱን የድሮ ሽቦ ልትመግብ ከሆነ አስቀድመህ ከውጭ የሚመጣውን መዳብ ከቤቱ ለየው፤ የጣቢያው ቮልት ወደ ሳጥኑ ከገባ ያቃጥለዋል። ሌላው፣ ብርሃን ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ከላይ ለአውቶ ፓርኮው ጠያቂ ያልኩት ባትሪ አሁን ለሁለቱም ያስፈልጋል። ገመዷን በጥብቅ አትጠፍራት፤ ስትጠመዘዝ ክቧ ከ6 ሴንቲ ሜትር አይጥበብ።

ጥያቄ (ከጠዳ)፦ ሳመለክት «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» ብቻ ነው የሚሉኝ።

መልስ፦ ማስረጃ ይዘህ ደውል። ሁሉንም ቀፎ ንቀል፣ ራውተሩን ሽቦው ወደ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያው ሳጥን ላይ በአጭር ገመድ ስካ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቅ። እዚያ ደህና ከሠራ ጥፋቱ ከቤትህ ሽቦ ነው፣ አትደውል። እዚያም ካስቸገረ ወደ 994 ደውለህ እንዲህ በል፦ «በመጀመሪያው ሳጥን፣ ያለ ቀፎ ሞክሬያለሁ፤ አቴኑዌሽን ይህን ያህል፣ ማርጂን ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ጊዜ ይቋረጣል፣ ስልኩ ይንጫጫል ወይም አይንጫጭም።» ባለሙያው ሲመጣ የቀኑንና የሰዓቱን ዝርዝር ወረቀት ላይ አሳየው። አጥፍቶ ማብራቱን ግን አትናቀው፤ መስመሩ ትልሞቹን እንደገና እንዲለካ ያደርገዋል። ችግሩ በቀን አሥር ጊዜ ሲደረግ ነው።

ጥያቄ (ያቺው ባለ ሱቅ፣ ከአራዳ)፦ ተገኘ! ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ከካርቶን ጀርባ፣ አቧራ የጠጣ ቀፎ ተሰክቶ ነበር። ነቀልኩት፤ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ዋይፋዩ ንቅንቅ አላለም። ሽቦውስ ይቅር?

መልስ፦ አይቅር፣ ሽቦውንም ከመነሻው አንሺው፤ አሁን ጫፉ ባዶ የሆነ ቅጥያ ሆኗል። ካቻቪቴ ይዘሽ ሳጥኑን ስትከፍቺ ሁለት ጥንድ አንድ ላይ ታስረው ታገኛለሽ፤ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው የሚሄደውን ፍቺ፣ ከውጭ የመጣውን እንዳትነኪው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀሽ አንዱን ጥንድ ፍቺና ራውተሩን እዪው። የዲኤስኤል መብራት ካልጠፋ የፈታሽው ልክ ነው።